ስለ «አግቦ» ትርጉምና አገልግሎት፤ ከ«ሰምና ወርቅ» ጋር በመደባለቁ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ጠባይና ልማድ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ አንድ ቃል ከቦታው ወጥቶ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ማየት የተለመደ ሆኗል። ቃሉም «ሰምና ወርቅ» ነው። በቅኔ ቤት ተወልዶ ያደገው ይህ ቃል ዛሬ አማት ለምራቷ የምታሰማውን ወቀሳ፣ አልቃሽ በሙሾዋ የምትወረውረውን ነቀፋ፣ ገበሬ በጎረቤቱ ላይ የሚሰነዝረውን ነገር፣ ሎሌ በጌታው ላይ የሚያሰማውን ምሬት ሁሉ እንዲገልጽ ተደርጎ ይሠራበታል። እነዚህ ሁሉ ግን በባለቋንቋው ሕዝብ ዘንድ የየራሳቸው ስም ያላቸው ናቸው። ከስሞቹም መካከል ዋነኛው «አግቦ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አግቦ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በምን ጊዜና በማን አፍ እንደሚነገር መርምሮ፣ ከሰምና ወርቅ ጋር መደባለቁ በጥናታችን ላይ ያስከተለውን ጉዳት ማመልከት ነው።

አማርኛ ቀጥ ያላለውን ነገር የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። «ሰያፍ» የመስመርና የአቆራረጥ ቃል ነው፤ በግእዝ ትምህርትም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ከሚባሉት ከአራቱ የንባብ ዓይነቶች የአንዱ ስም ሆኖ ያገለግላል። «አግድም» ወደ ጎን የተዘረጋውን ያመለክታል፤ ከዚህም ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ስሙን አግኝቷል፤ ሥርዓት ሳይማር ያደገውም ሰው «አግድም አደግ» ይባላል። «ዘማማ» የጎጆና የግድግዳ ቃል ነው። «ጠማማ» ከእንጨት ተነሥቶ ወደ ሰው ልብ የተሻገረ ነው። «የጎሪጥ» የዓይን ነው፤ በጎሪጥ የሚያይ ሰው ጥላቻውን በፊቱ አይሰውርም። «ዘወርዋራ» የመንገድ ነው፤ በአጭሩ ሊደረስበት የሚቻለውን ነገር በሩቅ ዞሮ የሚደርስበትን ንግግር ይነቅፋል። በእነዚህ ሁሉ ፊት ለፊት «ቀና»፣ «ቅን» እና «ቀጥተኛ» የተባሉት ቃላት ቆመዋል። እንግዲህ በቋንቋው ውስጥ ቀጥ ማለትና መልካም መሆን፣ መጥመምና ክፉ መሆን ተጎራባቾች ናቸው ማለት ይቻላል።

አግቦ ግን ከዚህ ረድፍ ውጭ ነው። መንገድን፣ ግድግዳን ወይም በትርን በአግቦ የገለጸ ሰው የለም። ቃሉ ለንግግር ብቻ የተለየ ነው። ከ«አገባ» ጋር በድምፅ መቀራረቡ ነገርን በነገር ውስጥ ማግባት የሚል ፍች ሊያስታውስ ይችላል። ሆኖም የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ለሥርወ ቃል ማስረጃ ስለማይሆን፣ የቃሉን ጠባይ ከአገልግሎቱ መፈለግ ይሻላል። አገልግሎቱ ሲታይ «በአግቦ ተናገረው»፣ «በአግቦ ነካ አደረገው»፣ «ነገሩ አግቦ አለበት» ይባላል። ከቃሉ ጋር የሚጎዳኙትም ግሦች መንካት፣ መውጋትና መጎሸም ናቸው። ይኸውም ሕዝቡ አግቦን የሚቈጥረው እንደ ተሰወረ ትርጉም ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ እንዳረፈ ምት መሆኑን ያሳያል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዘው ያስፈልጋል፤ የሚከተለው ክርክር ሁሉ በእርሱ ላይ ይመሠረታልና።

ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት አውጥቶ የኅብረተሰብ ጥናት መክፈቻ በማድረግ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው መጽሐፍ፣ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙትና ይህንኑ ቃል አርእስቱ ያደረገው ሥራ ነው። ሌቪን በተለይ በማንዝ ያደረጉትን ምርምር መሠረት አድርገው የጻፉት ይህ መጽሐፍ፣ የባላገሩን ኑሮ በትዕግሥትና በአክብሮት ከመረመሩት የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራዎች አንዱ ነው። ቃሉንም ያለ ጥንቃቄ አልተጠቀሙበትም። በጠባብ ፍቹ ሰሙና ወርቁ በአንዱ ግጥም ውስጥ በግልጽ የሚነገሩበትን የቅኔ መንገድ፣ በሰፊ ፍቹ ደግሞ ድርብ መልእክት ያላቸውን ልዩ ልዩ መንገዶች እንደሚያመለክት ለይተው አስረድተዋል።

ነገር ግን ሐተታው ከቅኔ ወደ ዕለታዊ ኑሮ ሲሻገር ልዩነቱ ይጠፋል። ሌቪን ለዚህ ዓይነቱ ንግግር አራት አገልግሎቶች ይሰጡታል፦ የማያልቅ የቀልድ ምንጭ መሆኑን፣ ባልንጀራን ኅብረተሰቡ በሚፈቅደው መንገድ መስደቢያ መሆኑን፣ የግል ኑሮን ከሰው ጣልቃ ገብነት መከላከያ መሆኑንና ባለሥልጣንን መተቻ መሆኑን። አራቱም በእርግጥ ይታያሉ። ሆኖም አራቱ የአንድ ነገር አራት አገልግሎቶች ናቸውን? አማርኛ ተናጋሪው የመጀመሪያውን ቀልድ ወይም ቅኔ፣ ሁለተኛውን አሽሙር፣ ሦስተኛውን ዘወርዋራ መልስ፣ አራተኛውን አግቦ ወይም እንጉርጉሮ ብሎ እየለየ ይጠራቸዋል። ሊቁ እነዚህን በአንድ ጆንያ ከከተቱ በኋላ ለጆንያው «አሻሚነት» የሚል ስም አወጡለት። ቀጥሎም አሻሚነትን መውደድ ከዘመናዊነት መንፈስ ጋር የማይስማማ መሆኑን አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ዘመናዊው ዓለም ከአሻሚነት መሸሹን ነቅፈው ለአሻሚነት ተከራክረዋል። ስለዚህ ፍርዱ ከነቀፋ ወደ ምስጋና ተሸጋገረ፤ ነገር ግን ነቀፋውም ምስጋናውም ያረፉት በዚያው በአንድ ጆንያ ላይ ነው።

የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት አስቀድሞ ሰምና ወርቅን በቤቱ ማየት ያስፈልጋል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያስወጣና በቦታው ወርቁን ያፈስበታል። በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ስም በታወቁት የቅኔ ትምህርት መንገዶች የሚያልፈው ተማሪ፣ ከባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የግእዝ ቅኔ መቍጠር ይለማመዳል። የቈጠረውን ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሲበረታም በማሕሌት ቆሞ በካህናትና በሊቃውንት ፊት ያቀርባል፤ ያማረለት እንደ ሆነ «ይበል» ይባልለታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቅኔው ራሱን አይሰውርም። እንዲያውም ስሙ እንዲነሣ፣ ቅኔው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት ይፈልጋል።

የአማርኛ ግጥምም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ለዚህ ጽሑፍ የተሰናዳ ምሳሌ ብንወስድ፦

ከጌታው ደጃፍ ላይ ዓመት ሙሉ ኖሮ፣
ያ ድሀ ግን ሳይማር መሸበት ዘንድሮ።

ኅብረ ቃሉ «ሳይማር» ነው። በግእዝ ያስተማረው «መሀረ»፣ ይቅር ያለው «መሐረ» እየተባለ በሀና በሐ ይለያያል። አማርኛ ግን ሁለቱን ድምፆች አንድ ስላደረጋቸው «ተማረ» ትምህርት አገኘ ወይም ምሕረት አገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰሙ በየኔታ ደጅ ዓመት ቆይቶ ትምህርት ሳያገኝ የቀረ ተማሪ ነው። ወርቁ በባለሥልጣን ደጅ ዓመት ጠንቶ ምሕረት ሳያገኝ የሞተ በደለኛ ነው። አድማጩ አንዱን ሰምቶ ሌላውን ሊስት ይችላል። ወርቁን ያገኘ ሰው ይደሰታል፤ ላላገኘውም ያስረዳዋል፤ ማስረዳቱም ግጥሙን አይጎዳውም። እንግዲህ በሰምና ወርቅ የተሰወረው ትርጉሙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ግልጽ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አግቦ እንመለስ። አማትና ምራት በአንድ ቤት ይኖራሉ እንበል። ምራት ማለዳ አርፍዳ ተነሥታለች። አማት ምድጃው አጠገብ ወደ ተጋደመችው ድመት ዞረው «አንቺ፣ ፀሐይ ከወጣ ጀምሮ ተኝተሽ ትውያለሽ፤ ምግብ ሲቀርብ ግን የሚቀድምሽ የለም» ይላሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ ኅብረ ቃል የለም፤ ሁለት ፍች የሚሰጥ ግሥም ሆነ ስም የለም። ድመቷ በእርግጥ ተኝታለች፤ ምግብም ትወዳለች። ደግሞም በቤቱ ውስጥ ወቀሳው ለማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ምራት ታውቃለች፣ ባሏ ያውቃል፣ ልጆቹ ያውቃሉ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤትም ታውቃለች። ምራት «እማማ፣ ለኔ ነው?» ብትል አማት «ኧረ ልጄ፣ እኔ የተናገርሁት ለድመቷ ነው፤ አንቺን ምን ነካሽ?» ብለው ይመልሳሉ። በዚያች ደቂቃ ስንፍናውን በራሷ ላይ የመሰከረችው ምራቷ ራሷ ትሆናለች።

በዚህ ምሳሌ የተሰወረው ምንድን ነው? ትርጉሙ አይደለም፤ ትርጉሙ በሁሉ ፊት ተሰጥቷል። የታገደው የንግግሩ ባለቤትነት ነው። አማት ነገሩን ተናግረዋል፤ ነገር ግን «ተናግሬአለሁ» አላሉም። ስለዚህ አግቦ የሰምና ወርቅ ታናሽ ወንድም ሳይሆን ተቃራኒው ነው ለማለት ይቻላል። በአንደኛው ተናጋሪው ተገልጦ ትርጉሙ ይሰወራል፤ በሁለተኛው ትርጉሙ ተገልጦ ተናጋሪው ይሰወራል። የውጭው ቃል «አሻሚነት»ም ለአግቦ አይስማማውም፤ ያሻማው ሰው የለምና። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ተረት ለሁለቱም ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ብርሌ ጠጁን ሊደብቅ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ጠጁ ከውጭ ይታያል።

ልዩነቱ በሦስት መመዘኛዎች ይጸናል። የመጀመሪያው ንግግሩን መፍታት የማን ድል ነው የሚለው ነው። ቅኔን የፈታ ይመሰገናል፤ አግቦን በአፉ የፈታ ግን ይሸነፋል፤ ነገሩን ወደ ራሱ ወስዷልና። ሁለተኛው ንግግሩ ከጊዜውና ከቦታው ሲለይ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቅኔ በብራና ተጽፎ፣ ቈጣሪው ከሞተ በኋላም ሊፈታ ይችላል። ስለ ድመቷ የተነገረው ቃል ግን በወረቀት ላይ ቢሰፍር ስለ ድመት ከመሆን አያልፍም። ሦስተኛው ከተገለጠ በኋላ የሚከተለው ነው። ከቅኔው መገለጥ የሚከተለው «ይበል» ነው፤ ከአግቦው መገለጥ የሚከተለው ግን ጠብ ነው፤ ከጠቡም በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል።

በአግቦ ዙሪያ ያሉትንም ቃላት በዚሁ መመዘኛ መለየት አስፈላጊ ነው። «አሽሙር» የምስጋና ልብስ የለበሰ ነቀፋ ነው፤ የሚነገረው ግን ለተነቀፈው ሰው ለራሱ ነው። «ሽሙጥ» ለማላገጥ ይቀርባል፤ ከቃሉ ይልቅ የድምፁ ቃና ይገልጠዋል። «ምፀት» በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከዘይቤዎች አንዱ ተብሎ የሚሰጥ፣ ቃሉ የሚለውና ተናጋሪው የሚፈልገው ሲቃረኑ የሚገኝ የሥነ ጽሑፍ ስልት ነው። ዘወርዋራ ንግግርም የመንገዱ ርዝመት እንጂ ዒላማው አያስጨንቀውም፤ ማንንም ሳይነካ ሊዞር ይችላል። አግቦን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በንግግሩ ሥርዓት የሚጠራው አንድ፣ ምቱ የሚያርፍበት ግን ሌላ መሆኑ ነው። ስለዚህ አግቦ ቢያንስ ሦስት ወገኖችን ይጠይቃል፦ ተናጋሪውን፣ የተጠራውንና የተነካውን። የተጠራውም ድመት፣ ሕፃን፣ ሙት ወይም ማንም ያልሆነ ሰው ሊሆን ይችላል።

የተጠራው ሙት የሚሆንበት ሁኔታ በልቅሶ ይታያል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የምትጠራው ሟቹን ነው። ሟቹ በታመመ ጊዜ የጠየቀው እንዳልነበረ ስታነሣ ግን የሚያቀረቅሩት በሕይወት ያሉት ዘመዶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ተነሥቶ ልመልስ ቢል ልቅሶውን ያፈረሰ ይባላል። ስም በማውጣትም ተመሳሳይ ነገር አለ። አባት ልጁን «ደመላሽ» ብሎ ሲሰይም የሚጠራው ልጁ ነው፤ ስሙ በተጠራ ቍጥር ከአጥር ማዶ የሚሰማው ግን ባለደሙ ነው። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ተጽፈው የሚለጠፉት አባባሎችም ከዚህ ወገን የሚቈጠሩ ብዙ አሉባቸው። በሩን በኃይል የሚዘጋውን ወይም ሒሳብ ለመክፈል የሚያመነታውን የሚነካ ጽሑፍ ለማንም አልተጻፈም፤ «ለኔ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ግን አይገኝም።

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው የ«ውስጠ ወይራ» ጉዳይ ነው። በዚህ የቅኔ መንገድ ኅብረ ቃል ሳይኖር ንግግሩ በሙሉ ወደ ሌላ ታሪክ ስለሚያመለክት፣ አግቦ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው ሊባል ይቻላል። መመሳሰሉ እውነት ነው። ሆኖም የውስጠ ወይራ ባለቅኔም እንደ ሌላው ባለቅኔ በጉባኤ ቆሞ ይጠየቃል፤ ምሥጢሩንም ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሚያስረዳውም ሊቅነቱን ለማሳየት እንጂ በራሱ ላይ ለመመስከር አይደለም። አግቦ ተናጋሪ ግን ተጠይቆ ካስረዳ አግቦው ቀርቶ ክስ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ ቢመሳሰልም ተጠያቂነቱ ይለያያል።

ሁለተኛው የአዝማሪ ጉዳይ ነው፤ ይህም ከፊተኛው ይበልጥ ያስተምራል። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲዘፍን ከታዳሚዎቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ግጥሙን በዜማ ይደግመዋል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ዒላማውም በዚያው ቤት የተቀመጠ ሌላ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ እና አግቦ በአንድ ግጥም ተገናኝተዋል። ነገር ግን መገናኘታቸው አንድ መሆናቸውን አያስረዳም። ሰምና ወርቁ በቃላቱ ውስጥ ነው፤ አግቦው ግን ግጥሙ ከሰጪው አፍ ወደ አዝማሪው አፍ በመተላለፉ ውስጥ ነው። ሰጪው ነገሩን አዝማሪው እንዲሸከምለት አድርጓል፤ አዝማሪውም የተቀበለውን የደገመ ብቻ ነው። አንዱን ከሌላው መለየት የቻለ ተመልካች የአዝማሪን ቤት ሥራ ከሥሩ ይረዳል፤ ሁሉን በሰምና ወርቅ የሚጠራ ግን ኅብረ ቃሉን ፈልጎ ካገኘ በኋላ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

አግቦ የደካማው መሣሪያ ነው የሚለውም አስተሳሰብ መታረም ይገባዋል። እርግጥ ምራት በወፍጮ እንጉርጉሮዋ አማቷን ትነካለች፤ ሎሌም ለበቅሎዋ እየተናገረ ጌታውን ይነካል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ግን አግቦ ተናጋሪዋ አማት ናቸው፤ በቤቱም ሥርዓት የበላይ እርሳቸው ናቸው። ፊት ለፊት ሊገሥጹ ሥልጣን አላቸው። ነገር ግን ወቀሳው በግልጽ ከወጣ ልጃቸው ከእናቱና ከሚስቱ አንዷን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ የምራቷም ወገኖች ይሰማሉ፤ ነገሩም ሽማግሌ ፊት ይደርሳል። በአግቦ የተነገረው ወቀሳ ግን ምራቷ ነገ በማለዳ ብትነሣ ያለ ምስክርና ያለ ዕርቅ ያልቃል። ስለዚህ የአግቦ ምክንያት ፍርሃት ብቻ አይደለም። ይሉኝታም አለበት፤ አብሮ መኖር የግድ የሆነባቸው ሰዎች ግንኙነታቸውን ሳይቈርጡ የሚወቃቀሱበት ዘዴም ነው።

የዚህም ማስረጃ ያው ሕዝብ ከንግግር ሁሉ ግልጽ የሆነውን ንግግር በሥርዓት አቋቁሞ መኖሩ ነው። በቀድሞው ሙግት በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ዋስ ጠርተው፣ ተወራርደው እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይከራከሩ ነበር። ንግግራቸውን በግጥምና በምሳሌ ያስጌጡ ነበር፤ ማን ማንን በምን እንደ ከሰሰ ግን አያጠራጥርም ነበር። በችሎት በስሙ የተከራከረው ሰው ቤቱ ሲመለስ በአግቦ ይናገራል፤ ይህም ጠባዩ ስለ ተለወጠ አይደለም። አግቦ ዋስ ያልተጠራበት ክስ ነው። ዋስ መጥራት ሲያስፈልግ ሕዝቡ ዋስ መጥራትን ያውቃል። እንግዲህ አንድን ሕዝብ «የአሻሚነት ሕዝብ» ብሎ መሰየም፣ ከቤቱ የሰማነውን ይዘን ከችሎቱ የሚሰማውን መተው ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ነገሩ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በጋና የአካን ሕዝብ ስም ሳይጠራ ሰውን የሚነካውን ንግግር «አኩቲያ» ይለዋል። ክላውዲያ ሚቸል ከርናን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ጥናት፣ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ነገሩን ለሌላ የሚናገር መስሎ ሦስተኛው ወገን እንዲሰማው የሚያደርግበትን ልማድ ገልጻለች። ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰንም እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡትና በ1987 በመጽሐፍ በወጣው የትሕትና ጥናታቸው፣ ተናጋሪው በአንድ ሐሳብ እንዳይያዝ ተጠያቂነቱን ክፍት የሚተውበትን ንግግር በልዩ ልዩ ቋንቋዎች አሳይተዋል። እነዚህ ሊቃውንት የመረመሩት ነገር ለአግቦ ከቅኔ ይልቅ የቀረበ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያው ጥናት በሰምና ወርቅ ስም ስለ ታጠረ ግን ከእነዚህ ጋር ሳይነጻጸር ቆይቷል፤ በዚህም እኛም ሆንን እነርሱ ተጎድተናል።

ጉዳቱ በክፍልና በቤተ መጻሕፍት ብቻ አይቀርም። አንድ ሕዝብ «የሚናገረው ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ ነው» የሚል ፍርድ በሊቃውንት መጽሐፍ ድጋፍ ካገኘ፣ ከመጽሐፉ ወጥቶ በአደባባይ ክርክር ውስጥ መወርወሪያ ድንጋይ ይሆናል። ሌቪን ይህን አልፈለጉም፤ መጽሐፋቸውን የሚያነብ ሁሉ ለሕዝቡ የነበራቸውን ፍቅር ያያል። ነገር ግን የኑሮን ዘዴ የልብ ጠባይ አድርጎ የሚመድብ ስያሜ ጸሐፊው ባላሰበው መንገድም ያገለግላል። እኛም በውጭ አገር የተማርነው መምህራን የራሳችንን ቃል በውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ ካገኘነው በኋላ፣ ያንኑ ትርጉም መልሰን ወደ አማርኛ እያመጣን ለተማሪዎቻችን ስንሰጥ ለስያሜው ጉልበት እንጨምርለታለን።

በመስክ ለሚሰበሰበው የቃል ሀብትም ውጤቱ ቀላል አይደለም። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች እንጉርጉሮና ሙሾ ከተመዘገበ በኋላ በግርጌው «ሰም» እና «ወርቅ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይከተላሉ። ቅጹ መሞላት ስላለበት፣ ኅብረ ቃል በሌለበትም ግጥም ተማሪው ወርቅ ለመፈለግ ይገደዳል፤ ያላገኘውንም ይሠራዋል። ግጥሙ በተነገረ ጊዜ በቤቱ ማን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ተጠራ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ተነሥቶ እንደ ወጣ ግን አይጻፍም። አግቦው ያለው በዚሁ ባልተጻፈው ውስጥ ነው። ስለ ድመቷ የተነገረውን ቃል ብቻ የመዘገበ ተማሪ በእጁ የቀረው ድመቷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ወደ መስክ የሚወጣ ተማሪ ከቃሉ ጋር አራት ነገሮችን ሊመዘግብ ይገባዋል፦ በቦታው የነበሩትን ሰዎችና ዝምድናቸውን፣ በንግግሩ የተጠራውን፣ የመለሰውን ወይም ዝም ያለውን፣ በመጨረሻም ባለቦታዎቹ ራሳቸው ንግግሩን ምን ብለው እንደ ጠሩት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ባለቦታዎቹ «አግቦ ነው» ካሉ አግቦ ብሎ መጻፍ፣ «ቅኔ ነው» ካሉ ቅኔ ብሎ መጻፍ፣ ሁለቱንም ካሉ በየትኛው ምክንያት የትኛውን እንዳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም መምህርም በግርጌ የተጻፈውን ሰምና ወርቅ ከማየቱ በፊት እነዚህን አራቱን ይጠይቅ። ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት የከበረ ስም ነው፤ ክብሩ የሚጠበቅለትም የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ባለማስገደድ ነው። አግቦም በሕዝቡ አፍ የራሱ ስም ያለው ስለ ሆነ፣ አጥኚው በዚያው ስሙ ሊጠራው ይገባል።